ቡፌ ውስጥ የተቆለፈችው ኮምፒውተር

አንድ ቀን፣ ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም ግንቦት ገብቶ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራው አቶ ደምሰው ለስቱዲዮው አዲስ ኮምፒውተር ገዛ። የድሮዋ ግዙፍ ነበረች፤ ጠረጴዛውን ለብቻዋ ይዛ መብራት ትበላለች። አዲሷ ግን ከግማሽ ዳቦ አትበልጥም። ባዶ ቀፎዋን ገዛና ውስጧን አለ በተባለ ኃይለኛ ዕቃ አስሞላት። አንጎሏ የትልቅ፣ ሰውነቷ የሕፃን ሆነ። አቶ ደምሰው በዚህ በጣም ረካ፤ ቆጣቢ ሰው ነውና ትንሽ ነገር ብዙ ሲሠራለት ደስ ይለዋል። ቆጣቢ ያልኩት እንዳይቀየመኝ ነው እንጂ ሰፈሩስ የሚጠራው በሌላ ስም ነው።

መቼም አዲስ ዕቃ ቤታችን ሲገባ ምን እንደምናደርገው ታውቃላችሁ። ላስቲኩ አይላጥም፤ ላስቲኩ የተላጠ ዕቃ አሮጌ ነው። አቶ ደምሰውም አልላጠም። ቀጥሎ ባለቤቱ ወይዘሮ ፋናዬ በገዛ እጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ደረበችባት፤ ዘርፉ በአራቱም በኩል እኩል ወርዶ እስከ እግሯ ሸፈናት። በመጨረሻ አቶ ደምሰው አቧራ እንዳያያት ብሎ ስቱዲዮው ውስጥ ባለው ባለ መስታወት ቡፌ፣ ከብርጭቆዎቹ መካከል አስቀመጣት። ሽቦዎቿን ከኋላ በጠባብ ቀዳዳ አወጣ፣ ቡፌውን ቆለፈ፣ ቁልፉንም ወገቡ ላይ አሰረ። ጠዋት ይከፍትና በዳንቴሉ ሥር ጣቱን ሰድዶ ያበራታል፤ ወዲያው መልሶ ይቆልፋል።

ፊልሙን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ንጋቱ ነው። ንጋቱ በምላሱ አይታማም፤ ሰሞኑን ግን ሚስቱ አራስ ስለሆነች ሥራውን እንዳያጣ ምላሱን ሰብስቦ ነበር። ኮምፒውተሯ ግን አላስቀመጠችውም። ቀላል ሥራ ሲሆን ደህና ናት። ከበድ ያለ ነገር ሲያዛት ውስጧ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ትጮሃለች፣ ብርጭቆዎቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ የቡፌው መስታወት እጅ ያቃጥላል፣ ከዚያ ድርግም።

«ጋሼ፣ ሞቋት እኮ ነው» ይላል ንጋቱ።

አቶ ደምሰው ሽርጡን አገልድሞ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ እምብርቱ ፈትቶ፣ ቬንትሌተሩን ደረቱ ላይ አዙሮ ይስቃል። «ድሬ ተቀምጦ ያልሞቀው ማነው? ሙቀት ምክንያት ከሆነማ ከተማው በሙሉ ይዘጋ።»

«አየር አጥታ ነው የምትጠፋው።»

«አየር የሚያጣ ነፍስ ያለው ነው። እሷ ብረት ናት። ይልቅ ድምጿን አትሰማም? ጉልበት ያለው ነገር ይጮሃል።»

«እሺ፣ ቢያንስ ዳንቴሉን ብናነሳው...»

«ዳንቴሉ የፋናዬ ነው። ደፋር ከሆንክ ሄደህ ራስህ ንገራት።»

ንጋቱ ደፋር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ግን አልነበረም።

እንዲህ እንዲህ ሲል አርብ ደረሰ። የምድር ባቡር ጡረተኛው አቶ ጥላዬ የልጁን የሰርግ ፊልም ሊወስድ መጣ። እሑድ ዘመድ ከሐረር ወርዶ ሰርጉን እቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያይ ተቀጣጥሯል። ስለዚህ ወስዶ ከመሄዱ በፊት «እስኪ አሳዩኝ» አለ።

ፊልሙ ጀመረ። ሙሽራው በሚዜዎቹ ታጅቦ ገባ። ሙሽሪት ነጭ ዓይነ ርግቧን ፊቷ ላይ ጥላ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሙሽራው አበባውን ሰጣት። ከዚያ ዓይነ ርግቡን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። እዚች ቦታ ላይ አቶ ደምሰው በገዛ ምርጫው ከላይ ጽጌረዳ እንዲዘንብ፣ ከታች ልብ እየተነፋ እንዲፈነዳ አሠርቷል። ጽጌረዳው መዝነብ እንደጀመረ ማራገቢያዋ ጮኸች፣ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ድርግም።

አቶ ደምሰው ሽርጡን እየሰበሰበ ተነስቶ ቡፌውን ከፈተ፣ አበራት፣ ቆለፈ። ሙሽራው እንደገና ገባ፣ አበባ ሰጠ፣ እጁን ዘረጋ። ድርግም። ደግሞ ተከፈተ፣ ደግሞ ተቆለፈ፣ ያ ምስኪን ሙሽራ ደግሞ እጁን ዘረጋ።

አቶ ጥላዬ ላቡን በመሐረቡ ጠረገ። «እኔ የምለው» አለ፣ «ልጄ ከተዳረች ወር ሊሞላት ነው። እዚህ ቤት ግን ባሏ እስካሁን ፊቷን አላየም።»

አቶ ደምሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሰው እንዲህ ሲያፍር እጁ የሚቀርበው ላይ ያርፋልና ወደ ንጋቱ ዞረ። «ጋሽ ጥላዬ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ይቺን ዕቃ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት። ላስቲኳ እንኳ አልተላጠም። አቧራ አልነካትም፣ ፀሐይ አልነካትም። ጥፋቱ የዚህ ሰውዬ ነው።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «በል፣ ለምን እንደምትጠፋ በጋሽ ጥላዬ ፊት ተናገር። መልስ ከሌለህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳላይህ። ደግሞ ሞቋት ነው እንዳትለኝ። አየር አጣች እንዳትለኝ። እሱን ሰምተነዋል።»

ንጋቱ አራሷ ሚስቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። ሙቀት አትበል፣ አየር አትበል ከተባለ ምን ቀረው? የጨለመውን ስክሪን አየ። ከዚያ ቡፌውን አየ። ኮምፒውተሯ ከብርጭቆዎቹ መካከል ያንን ነጭ ዳንቴል ተከናንባ፣ ዘርፉን ወደ ታች ለቅቃ፣ ጭምት ብላ ተቀምጣለች። ከንፈሩ ፈገግ ማለት ጀመረ።

«ልናገር ጋሼ?»

«ተናገር አቦ፣ ማን ያዘህ።»

«እትዬ ፋናዬ እጃቸው ይባረክ፤ ሥራቸው ልዩ ነው። ነገር ግን ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ያሉት ሙሽሮች ሁለት ናቸው። የዚችኛዋን ዓይነ ርግብ ካልገለጥንላት የዚያችኛዋን አትገልጥልንም።»

አቶ ጥላዬ መጀመሪያ ንጋቱን፣ ቀጥሎ ቡፌውን አየ። ከዚያ ጉልበቱን እየመታ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ፈርጃለሁ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «ደምሰው፣ ተነስና ግለጥ። ሙሽራው ራሱ ይህን ያህል ደጅ አልጠናም።»

አቶ ደምሰው በደንበኛ ፊት ነውና ቡፌውን ከፍቶ ኮምፒውተሯን ወደ ጠረጴዛው አወጣት። ዳንቴሉን አነሳ። ላስቲኩን ሲልጥማ የራሱ ቆዳ የሚላጥ ይመስል ነበር። ንጋቱ ቬንትሌተሩን ከጌታው ደረት ወደ እሷ አዞረላት። ሙሽራው ገባ፣ አበባ ሰጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ ጽጌረዳው ዘነበ፣ ልቦቹ ተራ በተራ ፈነዱ፣ ሙሽሪትም ፊቷ ተገለጠ። አቶ ጥላዬ ወንድነቱን ረስቶ እልልታውን አቀለጠው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቡፌው ብርጭቆ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ንጋቱም ከነምላሱ እዚያው ቤት አለ። ያን ዕለት ማታ ወይዘሮ ፋናዬ የታጠፈውን ዳንቴል አይታ «ይሄ ደግሞ ለምን ወለቀ?» ብላ ብትጠይቀው፣ አቶ ደምሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «ምን ላድርግ ፋናዬ፣ ልጅቷ ተዳረች» አላት አሉ።