አህዪት የጠየቀችው ግማሽ ቀን

አንድ ጊዜ፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ በአንድ እድር ታቅፎ በሚኖርበት ዘመን፣ አንዲት አህያ አሮጊት እናቷን እያስታመመች ትኖር ነበር። እናትየዋ ዓይኗ ከጠፋ፣ እግሯም ከከዳት ሦስት ክረምት አልፏል። አህዪት ለምለም ሣር እየነጨች ታጎርሳታለች፣ ከወንዝ ውሃ ታመጣላታለች፣ ጎኗ እንዳይቆስል ደግሞ ሌት ተቀን ታገላብጣታለች። «ልጄ» ብላ ከተጣራች እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ጎረቤቱ በደጇ ሲያልፍ ምርቃቱን ያዥጎደጉደዋል። «አንቺ እኮ የተባረክሽ ነሽ!» ትላለች ፍየል ከአጥሩ ማዶ። «እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን!» ትላለች በግ። መመረቅ ምን ይከብዳል? ተናግሮ መሄድ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ «እስቲ እኔ ላገላብጥልሽ» ያለ ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ቀን አህዪት ውሃ ተሸክማ ስትመለስ እየሄደች እንቅልፍ ወሰዳትና ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ ባነነች። ክው አለች። «እኔ ገደል ከገባሁ እማዬን ማን ያያታል?» ብላ ውሃውን አድርሳ በቀጥታ ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደች። የእድሩ ዳኛ አንበሳ፣ ጸሐፊው ደግሞ ቀበሮ ነበር።

«ጌቶቼ» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «በሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ተራ እየገባችሁ እናቴን ብትጠብቁልኝ። ትንሽ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፍየል ሰማይ ሰማዩን አየች። በግ ጆሮዋን አከከች። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

«እህቴ፣ ችግርሽ ችግራችን ነው» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ነገር ግን ደንባችን ስለ ሟች እንጂ ስለ አስታማሚ የሚለው ነገር የለም። እናትሽ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ አልሞቱም!»

«ደንብ ደንብ ነው» አለ አንበሳ እያዛጋ።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ ከወደ ኋላ እጁን አወጣ። «እኔ እጠብቅልሻለሁ! ግማሽ ቀን ምን ያደርግልሻል፣ ሙሉውን ስጪኝ!» ምራቁ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ለመሆኑ እናትሽ... ወፈር ያሉ ናቸው?»

ስብሰባው በሳቅ አውካካ። አህዪት አልሳቀችም። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት እጁን ያወጣው ጅብ ብቻ መሆኑ አንጀቷን አሳረራት። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

ሳምንት አልሞላም። ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት አህዪት እናቷን ልታገላብጥ ጎንበስ እንዳለች ጉልበቷ ከዳትና እዚያው ተዘረረች። እንቅልፍ ይሁን ራስ መሳት አይታወቅም። እናትየዋ ውሃ ጠማት።

«ልጄ!» አለች። መልስ የለም። «ልጄ... ደክሞሽ ነው አይደል? ተኚ በቃ፣ የኔ ምስኪን። ዛሬስ እኔው ራሴ እሄዳለሁ።»

ዓይን የለ፣ እግር የለ፤ በደረቷ እየተሳበች ወጣች።

አህዪት ስትነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ መኝታው ባዶ ነው። መሬት ላይ የተጎተተውን ዱካ ተከትላ በረረች። እናቷን ወንዙ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ወድቃ አገኘቻት። አፏ ውሃው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ነበር ነፍሷ የወጣችው።

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ወይ ጉድ! አገሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንበሳ ራሱ ድንኳን ተከለ፣ ፍየል ውሃ ቀዳች፣ በግ ንፍሮ ቀቀለች፣ ቀበሮም ለቅሶውን አስነካው። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቷ ንቅንቅ ያለ የለም። «አይዞሽ፣ ብቻሽን አንተውሽም» ይሏታል። «አንቺ ጋደም በይ፣ ሁሉንም እኛ እናደርጋለን።»

በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ንፍሮውን አፉ ሙሉ እንደ ጎረሰ ግራ ቀኙን አየ።

«እኔ ግን አልገባኝም» አለ። «ያን ዕለት ግማሽ ቀን አጣችሁ። ይሄን ሦስት ቀን ከየት አመጣችሁት?»

ቀበሮ በክርኑ ጎሰመው። ጅብ ግን ሞኝ ነውና የምሩን መልስ ይጠብቅ ነበር።

አህዪት ቀስ ብላ ቀና አለች። «እናቴ የሞተችው ውሃ ጠምቷት ነው። ይኸው ዛሬ ቤቴ አራት እንስራ ሙሉ ውሃ ቆሟል። ለማን ነው የቀዳችሁት? ተኚ ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እተኛለሁ፤ ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል? እኔ ግን የለመንኳችሁ እሷ እያለች ነበር።»

ፍየል አንገቷን ደፋች። አንበሳም የሚገባበት ጠፋው። ደንቡ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተለወጠ፤ በሽተኛ ባለበት ቤት ሁሉ በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ተራ ተገብቶ አስታማሚው ይረፍ ተባለ። በማግስቱ ፍየል ባሏ ወደታመመባት ወደ ሚዳቋ ቤት ሄደች፤ ሚዳቋም በስንት ጊዜዋ ተኛች። አህዪት ግን ባዶውን መኝታ እያየች ተቀመጠች፤ ያን ሁሉ ዘመን የናፈቀችው እንቅልፍ እንቢ አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቀብር የምናገኘውን ጊዜ በሽተኛው በሕይወት ሳለ ለአስታማሚው ካልሰጠነው፣ ለቅሶ መድረሳችን ያንን የደከመ ልብ የማያሳርፈው መሆኑን ነው።