ኮርኒሱን የበሳው እግር

ቀኛዝማች ደምመላሽ ከፎቅ ቤታቸው ላይኛውን ራሳቸው ይኖሩበታል፤ ምድር ቤቱን መልስ ለማታጣ አንዲት ልብስ ሰፊ አከራይተዋል። አንድ ጊዜ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ገዙና ባለሙያ ንቀው ቧንቧውን በገዛ እጃቸው ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በታጠቡ ቁጥር ሴትዮዋም ከነስፌት መኪናዋ ትታጠብ ጀመር። ኮርኒሱ አበጠ፣ ግድግዳው ሻገተ፣ ለሙሽራ የሰፋችው ነጭ ቀሚስ ዝገት መሰለ።

አቤት ብትል ጭራሽ እሷኑ ከሰሷትና የሰፈር ሽማግሌዎች እሷ ቤት ተሰበሰቡ።

«የእኔ ቧንቧ እንከን የለውም!» አሉ ቀኛዝማች። «ደግሞ ውላችን ግልጽ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው የእኔ፣ ከኮርኒሱ በታች ያለው የእሷ ነው። ውሃው የተገኘው እሷ ዘንድ ነውና ቤቱን ታድሰው፤ እምቢ ካለች ዛሬውኑ ትውጣልኝ!»

ሽማግሌዎቹ ውሉን ተቀብለው ቢያነቡት እንዳሉት ተጽፎ አገኙት። ቀኛዝማች ደረታቸውን ነፍተው፣ «የወለሌን ጥንካሬ ላሰማችሁ» ብለው ወደ ላይ ወጡ። ገንዳው አጠገብ ቆመው ጣውላውን በእግራቸው ሲደበድቡ፣ በውሃ የበሰበሰው ሳንቃ ተሰበረና አንድ እግራቸው ከነጫማው ኮርኒሱን በስቶ ሽማግሌዎቹ አናት ላይ ተንጠለጠለ።

«ኧረ እግሬን! ወደ ላይ ግፉልኝ!» ብለው ጮኹ።

ሽማግሌዎቹ ሊረዷቸው ሲነሡ ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ አገደቻቸው።

«ቀኛዝማች፣» አለች ቀና ብላ፣ «ከኮርኒሱ በታች ያለው የእኔ ነው ብለዋል። እግሩ እዚሁ ይቆይ፤ የቀረውን እርስዎ ይዘው ይሂዱ!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቀኛዝማችም ቧንቧውን በባለሙያ ሊያስገጥሙ፣ ቤቱን ሊያድሱ፣ ቀሚሱንም ሊተኩ እዚያው እንደተሰነቀሩ ከማሉ በኋላ እግራቸውን ተረከቡ።