ሸጊትና ያዘነችላት ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤቶች አልቀው ገደሉ በሚጀምርበት ዳርቻ፣ ሸጊት የምትባል ቀይ ውሻ ነበረች። አሳዳሪዋ ትርንጎ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በግቢው ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ቡላ የሚባል ውሃ የሚያመላልስ አህያና ትርንጎ እንቁላላቸውን እየሸጠች የምትተዳደርባቸው ዶሮዎች ይኖሩ ነበር።

ሸጊት በየዓመቱ ትወልዳለች፤ አንድም ልጅ ግን አላሳደገችም። ቡችሎቿ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ይጠፋሉ። እሷ ከትርንጎ ጋር ገበያ ስትወርድ፣ ከገደሉ የምትወጣ ቀበሮ በአጥሩ ሥር ሾልካ ትገባና ትወስድባታለች። ይህን ያየው ቡላ ብቻ ነው። ቀበሮዋም እንዳያት አውቃለች። አንድ ቀን አፏን በሣር እየጠረገች ወደ ጋጣው ጠጋ አለችና፣

«የጋጣህ ግድግዳ በጀርባ በኩል ተቦርብሯል» አለችው። «አያ ጅቦ ይህን አያውቅም። አንተ ያየኸውን ካልተናገርክ፣ እኔም ያየሁትን አልናገርም።»

ቡላ ጆሮውን ጣለ። ጭነትና ዱላ የለመደ አህያ ስለሆነ ዝም ማለት አልከበደውም። ሸጊት ግቢውን እያሸተተች ስታላዝን እሱ ጭዱን ያኝካል።

የመጨረሻው እርግዝና ግን ሸጊትን ሊገድላት ደረሰ። ቡችሎቹ ሞተው ተወለዱ። ከዚያ በኋላ ምግብ እምቢ አለች፤ ሆዷ ተነፋ፤ ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ መሽተት ጀመረ። ትርንጎ ከጎረቤት ጋሪ ለምና፣ ቡላን ጠምዳ፣ ሸጊትን ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰደቻት። ሐኪሙ ይርዳው ይባላል። ሆዷን ዳበሰና ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ማህፀኗ መግል ይዟል። ካልወጣ ትሞታለች።»

«ከወጣስ?»

«ትድናለች። መውለድ ግን አበቃ።»

ትርንጎ የውሻዋን ጆሮ አሻሸች። «መውለዱስ ምን ጠቀማት» አለች። «አውጣላት። ብቻ አስተኝተህ ይሁን፤ ሕመሙን እንዳታውቀው።»

ቡላ ከበሩ ውጭ ጋሪው ላይ እንደተጠመደ ይህን ሁሉ ሰማ።

ሸጊት ሆዷ በክር ተሰፍቶ ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙ ቁስሏን እንዳትልስ፣ እንዳትሮጥ፣ እንዳትዘል ብሎ አስጠንቅቆ ስለነበር፣ ትርንጎ የአንድ አሮጌ ባልዲ ታች ቆርጣ አንገቷ ላይ አጠለቀችላትና በገመድ አሰረችው። ጓዳ ውስጥ ንጹሕ ጆንያ አነጠፈችላት። ባልዲው መሬት እየመታ ውሃ መጠጣት ሲከለክላት፣ ትርንጎ ሳህኑን ከፍ አድርጋ ይዛ ታጠጣታለች። መድኃኒቱን በሥጋ ጠቅልላ ታጎርሳታለች። ጠዋት ጠዋት አቅፋ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታስተኛታለች።

ሸጊት ግን ከዚህ ሁሉ የገባት ጥቂት ነው። ትርንጎ ወደ አንድ ቤት ወሰደቻት፤ እዚያ ተኛች፤ ስትነቃ ሆዷ ተቀዶ ነበር። ባልዲው ግራ ቀኟን ጋርዶባታል፤ የሚያሳክካትንም ማከክ አትችልም።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ትርንጎ ከቡላ ጋር ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች፣ ቀበሮዋ ከአጥሩ ማዶ መጥታ ቁጭ አለች። ሸጊት ልትጮህ ሞከረች፤ ሆዷን ወጋት።

«አትጩሂ እህቴ፣ ክሩ ይጎትትሻል» አለች ቀበሮዋ በለሰለሰ ድምፅ። «ምን አድርገውሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። ያመኛል።»

«እኔ ልንገርሽ፤ እናት ስለሆንኩ ሽታውን አውቀዋለሁ። ልጅ የሚያድርበትን ነው ያወጡብሽ። ከእንግዲህ አትወልጂም።»

ሸጊት ጭንቅላቷን አነሳች፤ ባልዲው ከአጥሩ እንጨት ጋር ተጋጨ። «ለምን?»

«ቡችላ እህል ይጨርሳላ። ደግሞም የራሷ ልጅ ያላት ውሻ የሰው ዶሮ በሙሉ ልቧ አትጠብቅም። በፊት የጠፉብሽንስ ማን የወሰዳቸው ይመስልሻል? ግቢው ውስጥ ከሷ ሌላ እጅ ያለው ማን አለ?»

ሸጊት እንዲህ አስባ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ቁስሏ እየጠዘጠዛት አሰበች።

«ማንም ይህን ነግሮሽ አያውቅም አይደል?» አለች ቀበሮዋ ተንፍሳ። «አንጀቴን በላሽው። ነገም መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

ማግስቱንም መጣች፤ ከዚያም በኋላ ተመላለሰች። ስለ ዶሮዎቹ አንድ ቃል አላነሳችም። የምታወራው ስለ ሸጊት ቁስልና ስለ ሸጊት ልጆች ብቻ ነው፤ ሸጊትም ሰዓቷን እየጠበቀች አጥር አጥሩን ታይ ጀመር።

ቡላ ይህን አይቶ አንድ ቀን ከጋጣው ደጃፍ፣ «ሸጊት» አላት። «ትርንጎ አልበደለችሽም። ሐኪሙ ሲናገር ሰምቻለሁ። ውስጥሽ በስብሶ ነበር፤ ባይወጣ ትሞቺ ነበር።»

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«እኔም ተኮላሽቻለሁ። እኔን ግን አራት ሰዎች ረግጠው ይዘው በድንጋይ ቀጠቀጡኝ። አንቺን አስተኝተውሻል። ከዚያ ወዲህም ሳህን ይዛ ውሃ የምታጠጣሽ እሷው ናት።»

«ልጆቼንስ ማን ወሰደብኝ?»

የቡላ ዓይን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ተቦረቦረው በኩል ሄደ። «አላየሁም» አለ።

«እንግዲያው ዝም በል። አንተ የምትናገረው ለምታበላህ ነው።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ሙቅ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ባልዲውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ቁስሉን ልትጠርግ ጎንበስ ስትል፣ ሸጊት እጇን ነከሰቻት። ጥርሷ መዳፏን በስቶ ወጣ። ጎረቤቷ አቶ ባንተይርጋ ጩኸቷን ሰምቶ ሮጦ ገባ።

«ይህች ውሻ አብዳለች» አለ። «አስወግጃት። እኔው አስወግድልሻለሁ።»

ትርንጎ እጇን በሻሿ እየጠቀለለች ራሷን ነቀነቀች። «አላበደችም፤ አሟት ነው። አንተንስ ሆድህን ቀደው ሰፍተው ቢነካኩህ አትናከስም?»

«ቢሆንም የውሻ ንክሻ አይናቅም። ጤና ጣቢያ እንሂድና መርፌ ተወጊ።»

ጤና ጣቢያው ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ ነው። ትርንጎ ቡላን ጋጣው ውስጥ አሰረች፤ ዶሮዎቹን ቆጥ ቤታቸው ከተተች፤ ለሸጊት ውሃዋን ጠጋ አደረገችላትና ከአቶ ባንተይርጋ ጋር ወጣች። ሸጊት ስትሄድ አየቻት፤ ጭራዋን ግን አላነቃነቀችም።

ቀበሮዋ ግቢው ባዶ መሆኑን እንዳወቀች ገደሉን ወርዳ ጅቡን ቀሰቀሰችው።

«አያ ጅቦ፣ ተነሣ። እራትህ በገዛ እግሯ ልትመጣልህ ነው።»

«ማን ናት?»

«ሆዷ የተቀደደ ውሻ።»

ጅቡ ቅር አለው። «ከተቀደደችማ ሌላ ሰው ጀምሯታል።»

«አልጀመራትም። መልሰው ሰፍተዋታል።»

«ምግብ ይሰፋል እንዴ?» አለ ጅቡ።

«አንተ ከዚህ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ በልና ጠብቅ። ሌላውን ለኔ ተወው።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀበሮዋ በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። ሸጊት አልጮኸችም።

«እህቴ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤልሽ መጣሁ» አለቻት ወደ ጆሮዋ ተጠግታ። «ያቺ አሳዳሪሽ አንዱን ልጅሽን ገደል ስትጥለው አንስቼ አጥብቼው ነበር። አድጓል። ከታች ነው ያለው።»

«የትኛው?»

«ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት።»

ሸጊት ብድግ አለች። እንዲህ ያለ ልጅ ነበራት። ቀበሮዋ ምልክቱን የምታውቀው የበላችው እሷ ስለሆነች ነው፤ ሸጊት ግን ምልክቱን በመስማቷ አመነቻት። ቀበሮዋ የባልዲውን ገመድ በጥርሷ ቆረጠችላት። ባልዲው ወድቆ ሲንከባለል ሸጊት ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፋ ያለ ዓለም አየችና ወደ አጥሩ ሮጠች። በቀዳዳው ስትሾልክ የተሰፋው ሆዷ እንጨት ላይ ተያዘ። ሳበችው። ክሩ ተበጠሰ።

በዚያን ጊዜ ቡላ ተናገረ።

«ሸጊት፣ ተመለሺ። ልጆችሽን የበላቻቸው እሷ ናት። ነጭ ግንባሩንም እዚሁ አጥር ሥር ስትበላው አይቻለሁ።»

ሸጊት ግማሽ አካሏ ውጭ፣ ግማሽ አካሏ ውስጥ እንደሆነ ቆመች። «አይተህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው።»

ቀበሮዋ አልተሟገተችም። ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አያ ጅቦ፣ ውሻዋን ተዋት። ጋጣው በጀርባ በኩል ቀዳዳ አለው። ውስጡ የታሰረ አህያ አለ።»

ጅቡ የደሙን ሽታ ተከትሎ የገደሉ አጋማሽ ላይ ደርሶ ነበር። ቆሞ አሰበ፤ ማሰብም አስቸገረው። ከዚያ «አህያ ይበልጣል» አለና ደሟን እያፈሰሰች የተጋደመችውን ሸጊትን አልፏት ሄደ። የተቦረቦረው ግድግዳ በሁለት ግፊያ ተናደ። ቡላ ባለ በሌለ ኃይሉ አናፋ፤ ሰው ቢሰማለት ብሎ። ሰው አልሰማም። ገመዱ አጭር ነበር።

ጅቡ እዚያ ሲጠመድ ቀበሮዋ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ገባች። ያለማንም ከልካይ እየመረጠች አንቃ፣ የምትችለውን ያህል ተሸክማ ወረደች። ሸጊት መጮህ ቢያቅታት እየተጎተተች ወደ ግቢው ተመለሰች፤ ከባልዲው አጠገብም ወደቀች። ከጋጣው የሚመጣው ድምፅ እስኪያበቃ ሰማችው።

ትርንጎ እጇን በፋሻ ታስራ ስትመለስ ያገኘችው ላባና የተበጠሰ የአህያ ገመድ ነበር። ጎንበስ ብላ ሸጊትን ዳበሰቻትና እስትንፋሷን ሰማች። ጋሪ የሚስብላት አህያ ስለሌለ በነጠላዋ አዝላት ሄደች።

ሐኪሙ እንደገና ሰፋት። «ባልዲውን ማን አወለቀባት?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ እንጃ። ገመዱ በጥርስ ተቆርጦ ነው ያገኘሁት።»

«ራሷ ታግላ ቆርጣው ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች ትርንጎ።

ሸጊት ዳነች። ቁስሏ ጠገገ፤ ጠጉሯም በላዩ በቀለበት። ትርንጎ ግን ከእንግዲህ ውሃውን በራሷ ጀርባ ታመላልስ ጀመር። የተነከሰ እጇ በደንብ ስለማይጨብጥላት ጀሪካኑን ዳገቱ ላይ ደጋግማ ታሳርፈዋለች። የሚሸጥ እንቁላልም የለም። ሸጊት ከኋላዋ ትከተላለች፤ የሆነውን ሁሉ ታውቃለች፤ መናገሪያ ግን የላትም። ትርንጎ አንዳንድ ጊዜ ዳገቱ መሐል አረፍ ትልና ጭንቅላቷን እያሻሸች፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። እንኳን አንቺ ተረፍሽልኝ» ትላታለች። ያን ጊዜ ሸጊት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ከዚህ የምንማረው፣ እያሳመመን የሚያድነንን እጅ ነክሰን በቁስላችን ለሚያዝንልን ምላስ በር ከከፈትን፣ እውነቱን የሚያውቀውም ፈርቶ እስከ መጨረሻው ከዘገየ፣ ዕዳው የሚወድቀው አንድም ጥፋት በሌለበት ጫንቃ ላይ መሆኑን ነው።