ለአስካለ ጉልበት አንድ መርገጫ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነበር። ቀኑ ጳጉሜ ሁለት። ከንጋት ጀምሮ ያለማቋረጥ ይዘንባል።

በማግስቱ ሩፋኤል ነው። ባለቤቴ አስካለ ጉልበቷን ካመማት አራት ዓመቷ ነው። እግሯን አጥፋ መቀመጥ ስለማትችል አውቶቡስ አይሆናትም። በሩፋኤል ዕለት ጠበል ልትጠመቅ ተስላለች፤ ያ ቀን ካለፈ ደግሞ ዓመት መጠበቅ ነው። ልጃችን ትርሲት እንግዳ እየወሰደች አገር የምታሳይ ናት። አንዲት አሮጌ ኮምቢ መኪና ገዝታ ክረምቱን ሙሉ ሸኖ ከተማ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ስታሠራት ከረመች። «እማዬን አስተኝቼ እወስዳታለሁ» አለች።

እኔ ለመሸኘት መጣሁ። ኮምቢዋን ዞሬ አየኋት። ለተራራ መንገድ ብለው ትልልቅ ጎማ አስረው ከመሬት ከፍ አድርገዋታል። ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ። ዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ አለ። እሱ ላይ የተጠቀለለ ሸራ አለ፤ ሲዘረጋ ዳስ ይሆናል አሉኝ። ውስጧ አልጋ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ የጫማ ማስቀመጫ እንኳ አለ። አስካለ በሩ ሥር ቆማ እግሯን አነሳች። አልደረሰም። ለጫማ ቦታ ሠርተዋል፤ ለእግር ግን አልሠሩም።

«አንድ መርገጫ» አልኩ። «አንድ ብረት። ሌላ አልጠየቅኩም።»

አስካለን ተቀመጪ አሏት። «ከተቀመጥኩ አልነሳም» ብላ ቆመች።

በያጁ ድንበሩ ብረቱን ቆርጦ አዘጋጅቷል። «በል በይደው» አልኩት።

«አልበይድም ጋሼ። ባትሪው ሳይነቀል ብበይድ የመኪናው ሽቦ ሁሉ ይቃጠላል። ነጂብ ባትሪውን ይንቀልልኝ።»

ነጂብ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሻይ ይጠጣል። «ነጂብ፣ ባትሪውን ንቀል። ድንበሩ መርገጫውን አይበይድም፤ አስካለም ዝናብ ላይ ቆማለች» አልኩት።

«ባትሪው አልጋው ሥር ነው። ሽፈራው አልጋውን ያንሳው።»

«አንተ እጅ የለህም?»

«የሰው ሥራ አልነካም ጋሼ። እዚህ ግቢ ማንም የማንንም ሥራ አይነካም።»

ሽፈራው አናጢ ነው፤ አልጋውን የሠራው እሱ ነው። «ሽፈራው፣ አልጋውን አንሳ። ነጂብ ባትሪውን አይነቅልም፣ ድንበሩ መርገጫውን አይበይድም፤ አስካለም ዝናብ ላይ ቆማለች» አልኩት።

«አልጋው ላይ ፍራሽ በምስማር ተመትቷል። የመታችው ዘርፌ ናት። እሷ ነቅላ ታውጣው እንጂ እኔ የሰው ምስማር አልነቅልም።»

«ስንት ምስማር ነው?»

«አሥር ይሆናል። ግን የእኔ አይደለም።»

እኔ አንድ ቀን የጎረቤቴ በሬ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ባየው፣ የእኔ አይደለም ብዬ የምቆም ሰው አይደለሁም። ይህንን አልነገርኩትም። ወደ ዘርፌ ሄድኩ።

ዘርፌ የመኪና ወንበርና ፍራሽ ትሰፋለች። ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። «ዘርፌ፣ ፍራሹን አውጪ። ሽፈራው አልጋውን አያነሳም፣ ነጂብ ባትሪውን አይነቅልም፣ ድንበሩ መርገጫውን አይበይድም፤ አስካለም ዝናብ ላይ ቆማለች» አልኳት።

«እኔ አሁን ባወጣው ደስ ይለኛል። ግን ፍራሹ የሚወጣው በሩ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ነው። በሩ ደግሞ ትናንት ተቀብቶ አልደረቀም። ገረሱ እንዳትነኩት ብሏል።» ከዚያ አስካለን አየቻትና «ጋሼ፣ እንደ ሙሽራ አዝለው አያስገቧትም?» አለችኝ።

ወገቤን እሷ አታውቀውም።

ቀለም ቀቢው ገረሱ ደጃፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ዝናቡን ያያል። «ገረሱ፣ በሩን አድርቅ። ዘርፌ ፍራሹን አታወጣም፣ ሽፈራው አልጋውን አያነሳም፣ ነጂብ ባትሪውን አይነቅልም፣ ድንበሩ መርገጫውን አይበይድም፤ አስካለም ዝናብ ላይ ቆማለች» አልኩት።

«ቀለሙ የእኔ ነው፤ ዝናቡ የእኔ አይደለም» አለኝ። «ከላይ መጠለያ ይሁንልኝና ከሰል አያይዤ ባንድ ሰዓት አደርቀዋለሁ። መጠለያው ደግሞ ያው፤ ጣሪያው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ትርሲት ትዘርጋው።»

ትርሲት የገዛ ልጄ ናት። እዚህ ያልቃል አልኩ። «ትርሲት፣ ሸራውን ዘርጊ። ገረሱ በሩን አያደርቅም፣ ዘርፌ ፍራሹን አታወጣም፣ ሽፈራው አልጋውን አያነሳም፣ ነጂብ ባትሪውን አይነቅልም፣ ድንበሩ መርገጫውን አይበይድም፤ እናትሽም ዝናብ ላይ ቆማለች።»

ትርሲት መሬት መሬቱን አየች።

«በምን ልውጣ አባባ? የግቢው መሰላል በስብሶ ተሰብሯል። የሸራው ማሰሪያ ከላይ ነው፤ እጄ አይደርስም። መርገጫው ቢበየድ እሱን ረግጬ እደርስ ነበር።»

አራት ወንድና ሁለት ሴት፣ ሁሉም ባለሙያ፣ ሁሉም ጤነኛ፣ አንድ ብረት መሀል አስቀምጠው ዙሪያውን ቆመዋል። አስካለ ነጠላዋ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነው የቆመችው።

ዱላዬን ለአስካለ ሰጠኋት። ጋቢዬን አውልቄ ራሷ ላይ ጣልኩላት። ከኮምቢዋ ጎን ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ሁለት እጄንም መሬት ላይ አኖርኩ።

«ትርሲት፣ ጀርባዬን ርገጪና ውጪ» አልኩ።

«አባባ ተነሥ። አባቴን አልረግጥም።»

«ርገጪ አልኩሽ።»

«ነውር ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው እናትሽን ከጠዋት ጀምሮ እያያት ነው። ምን አለ?»

ነጂብ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዘርፌ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሽፈራው «ኧረ ጋሼ፣ አይገባም» እያለ መጣ። ከሁሉም ቀድሞ ግን ድንበሩ ሮጠ። አጠገቤ ጭቃው ላይ ተደፋ።

«ይነሡ ጋሼ። ሽማግሌ ተንበርክኮ ቆሜ ካየሁ ይህ ሥራ አይባረክልኝም። ትርሲት፣ እኔን ርገጪ።»

ትርሲት ድንበሩን ረገጠች። ድንበሩን ስትረግጥ ሸራውን ዘረጋች። ሸራው ሲዘረጋ ገረሱ ከሰል አያይዞ በሩን አደረቀ። በሩ ሲደርቅ ዘርፌ ፍራሹን አወጣች። ፍራሹ ሲወጣ ሽፈራው አልጋውን አነሳ። አልጋው ሲነሳ ነጂብ ባትሪውን ነቀለ። ባትሪው ሲነቀል ድንበሩ ከነጭቃው መርገጫውን በየደ። ከዚያ ሁሉም በየተራው የየራሱን ወደ ቦታው መለሰ።

የታመመ ጉልበት ሲያዩ ማንም ከቦታው አልተነሳም። የተንበረከከ ሽማግሌ ሲያዩ ሁሉም ሮጡ። አመሰገንኳቸው። ግን እስካሁን ያናድደኛል።

አስካለ ጤነኛውን እግሯን አስቀደመች። የታመመውን አስከተለች። ገባች። አልጋው ላይ ተዘርግታ ትንሽ ተነፈሰችና «ይሄ ከቤታችን ደፍ ይቀላል» አለች። እኔን ለመንካት ብላ አይደለም። እንዲሁ ነው ያለችው።

እኔ ግን በዚያ ግቢ የተናደድኩት ሁሉ ወደ ራሴ ዞረ። ያንን ደፍ አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ይዛ ስትወጣና ስትወርድ አይቻታለሁ። ማሳዬ ደግሞ ድንጋይ ነው። በየዓመቱ እለቅምና አጥር ላይ እክባለሁ። ለደፉ የድንጋይ መርገጫ ለመሥራት ማንም በያጅ አላስፈለገኝም ነበር።

ለመሸኘት የመጣሁት ሰውዬ ኮምቢዋ ውስጥ ገባሁ። «በቤት በኩል ንጂ» አልኳት ትርሲትን።

«አባባ፣ ይመሽብናል።»

«አይመሽም። በቤት በኩል።»

ቤት ስንደርስ ወረድኩ። ከካቡ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈንቅዬ አመጣሁ። ደፉ ሥር ቆፈርኩ፤ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ ዙሪያቸውን ጠጠር ሞልቼ ረገጥኩት። በአንድ እግሬ ቆሜ ሞከርኩት። አልተነቃነቀም። እጄን በዝናቡ ታጥቤ ተመልሼ ኮምቢዋ ውስጥ ገባሁና «አሁን ወደ ጠበሉ» አልኳት።