ሃያ ሦስተኛው ስም

«ደብተር ይኸው። እስክርቢቶ ይኸው። እሳቸውም ይኸው ተቀምጠዋል። ሌላ ምን ቀረህ?»

«ደብተር አይጥ ይበላዋል አልኩሽ እኮ።»

«አይጡን ለእኔ ተወው። አንተ ጻፍ።»

«የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ሚስት ደብተሩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትታ ተቀመጠች። የባልና የሚስቱን ስም አልነግራችሁም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ናቸው።

በመካከላቸው የተቀመጡት ግን እማሆይ አጸደ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ስልክ ከማይሠራበት ገዳማቸው በአንድ ቀን ፈቃድ መጥተዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚነሣው አውቶቡስ መመለስ አለባቸው።

ለምን መጡ? መንገድ ሊሰፋ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ መቃብር አንድ ጥግ መንገዱ ውስጥ ገብቷል፤ ሰኞ ዕለት ዐፅሙ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይፈልሳል። በዚያ ጥግ በአንድ የወረርሽኝ ክረምት የሞቱ ሃያ ሦስት ሰዎች አሉ። መስቀል የላቸውም፣ ድንጋይ የላቸውም። የቀበሯቸው ቄስ የእማሆይ ባል ነበሩ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። ማን የት እንደተኛ፣ የክርስትና ስሙ ማን እንደሆነ፣ ከእኚህ እናት በቀር የሚያውቅ የለም። ካህኑ ደግሞ እያንዳንዱን በክርስትና ስሙ ጠርተው ጸሎት ሊያደርሱ ይፈልጋሉ።

እማሆይ ሲገቡ አንድ ነገር ብቻ ለምነው ነበር። «የመጨረሻው የእኔ ልጅ ነው። እሱ ላይ ስንደርስ አታቸኩለኝ፣ ልጄ።»

«ምን ገዶኝ እማሆይ፣ ቀኑ የእርስዎ ነው» አላቸው ባል።

አሁን ስለ ኮምፒውተሩ ስሙ። ያረጀ ላፕቶፕ ነው። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች በረሃ ለበረሃ ይዘውት ሲዞሩ የኖሩት፣ እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው፣ ማዕዘኖቹ በጎማ የተለበጡ። ከመኪና ላይ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ዝናብ አይገባውም። ገላው ጤነኛ ነው። ውስጡ ግን ደክሞ፣ ጠዋት የተከፈተው ለምሳ ይደርሳል።

ሰውዬው መላ አገኘለት። በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው የሠሩትና ለፈለገው ሁሉ በነጻ የሚሰጡት፣ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም አለ። ሊኑክስ ይሉታል፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። አራቱን ዓይነት በአራት ፍላሽ ገልብጦ አመጣ። ይህ መልካም ነው። አሮጌ ዕቃ ማዳን መልካም ነው፤ በነጻ የተሰጠንን መቀበልም መልካም ነው።

ፍላሹ ሲሰካ ግን ማሽኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ትሞክራለህ ወይስ ትጭናለህ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። ብትሞክሩ ሁሉ ነገር ይከፈትላችኋል፤ ትጽፋላችሁ፣ ታነባላችሁ። ብቻ ማሽኑ ሲጠፋ የጻፋችሁትን ሁሉ ይረሳዋል። ብትጭኑ ግን ውስጡ ይተከላል። ለዚያ ደግሞ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ያስፈልጋል።

ሰውዬው ምን መረጠ? ልሞክር አለ። ሦስቱን ሳላይ እንዴት በአንዱ እወሰናለሁ አለ።

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ባላቸው እንደነገሯቸው፣ ከበሩ በስተግራ፣ በየረድፉ። «ወለተ ሰንበት። ከእሷ ቀጥሎ ገብረ ጻድቅ፤ ወንድሟ ነው። ከዚያ ኪዳነ ማርያም፤ ከነሕፃኗ ነች፣ ሕፃኑ ኃይለ ሚካኤል…» አንዳንዱ ላይ ይቆማሉ፤ በጣታቸው አየሩ ላይ እርምጃ ይለካሉ። ሰውዬው ይጽፋል። «ጻፍከው?» ይሉታል። «ጽፌያለሁ» ይላቸዋል። ውሸት አልነበረም።

ሃያ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ እማሆይ ዓይናቸውን ገለጡ። «ውኃ ስጡኝ። የቀረው የእኔ ነው። ትንሽ ልረፍ።»

ሚስት ውኃ ልትቀዳ ተነሣች። ሰውዬው እጁ ሥራ ፈታ። ወገኖቼ፣ የብዙዎቻችን ጥፋት የሚመጣው እጃችን ሥራ በፈታባት በዚያች ቅጽበት አይደለም? ሁለተኛውን ፍላሽ አየው። ፈጣን ነው ሲባል ሰምቷል። ፍጥነቱን ብቻ ልየው አለ። የመጀመሪያውን ነቀለ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ሁለተኛውን ሰካ።

ሚስት ውኃውን ይዛ ተመለሰች። «ስሞቹን አስቀመጥካቸው?»

«አስቀምጫለሁ።»

«የት?»

ሰውዬው የነቀለውን ፍላሽ አነሣ። አስቀምጦ ነበር፤ ግን በሙከራው ውስጥ ነበር ያስቀመጠው።

አንገቱን ደፍቶ፣ «እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ከመጀመሪያው ቢሉልኝ» አለ።

እማሆይ አልተቆጡም። የተማረ ሰው ያውቃል ብለው ነው። ጀመሩ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ተምታታባቸው። ወደ ኋላ ተመለሱ፤ አምስተኛውም ጠፋቸው። በቃል የተያዘ ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ፣ ላረጀ ልብ ሁለተኛው ዳገት ነው። «ቆይ እስኪ… አስካለ ማርያም ከዛፉ ወዲያ ናት ወዲህ?» እያሉ ራሳቸውን ጠየቁ። በዚህ መሐል የሁለተኛው ሲስተም የአማርኛ ፊደል አልወጣ አለ፤ ባዶ ሣጥን ብቻ ይደረድራል።

«እባክህ አንተ ሰው፣ ደብተሩ» አለች ሚስት።

«ሦስተኛው ፊደሉ ጥሩ ነው ብለውኛል። አንድ ደቂቃ።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰኞ ምን የሆነ ይመስላችኋል? ካህኑ ሃያ ሦስቱን ዐፅም አነሡ። «ስማቸውን አንተ ታውቃለህ» እያሉ ጸለዩ። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ስም አይጠፋበትም። ታዲያ ምን ጠፋ ትሉኝ ይሆናል። አንዲት እናት የልጇን ስም አፏን ሞልታ ለመጥራት ስንት ዓመት ጠብቃ የመጣችባት ቀን ጠፋች። የልጁ ስም ማን ነበር? ልነግራችሁ አልችልም። አልተጻፈም።

እናንተስ የምትኖሩት በየትኛው ነው? በመሞከር ነው ወይስ በመጫን? ይቅርታን ለሳምንት እንሞክራለን፤ ቅዳሜ ሲመጣ ቂሙ እንዳለ አለ። የንስሐ አባት እንይዛለን፤ የወዲያኛው ደብር አባት ይሻላሉ ሲባል እንለውጣለን። ትዳሩን ስንሞክር ልጆቹ አደጉ። ከሁሉ የሚሻለውን እየፈለግን ነው እንላለን። ፍለጋው ክፉ አይደለም። ግን እኛ ስንፈልግ ወንበር ላይ የሚጠብቀን ማን ነው? እናታችሁ ናት? ይቅርታ የነፈጋችሁት ወንድማችሁ ነው? እሱስ የሚሳፈርበት አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ታውቃላችሁ?

ደብተሩ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዛሬ ያላችሁ ነገር ያረጀ ቢሆን፣ የማያምር ቢሆን፣ በእሱ ጻፉ። ዛሬ ጻፉ።

ወደዚያች ክፍል ልመልሳችሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሦስተኛው ፍላሽ ተሰካ። ስክሪኑ ላይ የሐይቅ ሥዕል ወጣ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ሚስትም ሳታስበው ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ይኼስ ያምራል» አለች።

«አላልኩሽም?»

እማሆይ አጸደ ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አነሡ። ደብተሩ ከጠርዙ እንዳይወድቅ ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረጉት። በሩን ቀስ ብለው ከፈቱ፤ ቀስ ብለውም መለሱት።

«ፊደሉስ ይሠራል?» አለች ሚስት፣ ዓይኗን ከሐይቁ ሳታነሣ።

«ቆይ፣ ልሞክረው» አለ ባል።