ጫፉ የተቆረጠ ነጠላ

ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ጫፉ የተቆረጠ ነጠላ የለበሰውን ሰውዬ እያያችሁ ስትጠቋቆሙ አይቻለሁ። ሳቁ፤ ጥርስ አላችሁ። ከሳቃችሁ በኋላ ግን ስሙ።

ጥንት፣ ይህ ጥላው ሥር የተቀመጣችሁበት ወይራ ገና ለጋ ሳለ፣ ሁለት ጌቶች አገሩን እንደ ቁርበት ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት ነበር። አንዱ የደጋው ጌታ ነው። አንዱ የቆላው ጌታ ነው። ለምን እንደተጣሉ የሚያስታውስ የለም፤ ስማቸውንም የሚያነሣ የለም። የይታክቱ ስም ግን ይነሣል። ይታክቱ እመቤት አልነበረችም። ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ከእንዝርትና ከአንድ ልጅ በቀር ምንም የሌላት የዚህ የመንደራችን፣ የግንደ ወይራ ሴት ነበረች።

ልጇ አንለይ ይባላል። ጦረኛ አልነበረም። እሷ ትፈትላለች፤ እሱ ፈትሉን ተሸክሞ ወንዝ ማዶ ላለው ሸማኔ ያደርሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቆላው ጦር ወደ ደጋ ወጣ። አንለይ በማለዳ ፈትሉን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ሬሳውን መልካው ላይ፣ ሰው ወንዙን በሚሻገርበት ቦታ አገኙት። ደረቱን በጦር ተወግቷል። ማን ወጋው? አልታወቀም። እንዴት ሞተ? የሚነግራት ጠፋ።

የቆሰለ ሰው ውሃ ይጠማዋል ይባላል። ይታክቱን የበላት ይህ ነገር ነበር። ቅል ባነሣች ቁጥር «ልጄ ውሃ ቀምሶ ይሆን?» ትላለች። ውሃው ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። ቅሉን መልሳ ታስቀምጣለች።

ሳምንታት አለፉ። የቆላው ጦር ተሸነፈና ተበተነ። ሙጨ የሚባል አንድ ወታደር ጭድ ክምር ውስጥ ተደብቆ በእኛ መንደር ተያዘ። መንደሩ ዱላ ይዞ ወጣ። የይታክቱ ወንድም ፈንታ ጦሩን ነቅሎ ቀደመ። የነፍስ አባቷ መምሬ እንግዳ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ተው፣ ጾም ነው!» አሉ። ማን ሰምቷቸው። የተናደደ ሰው ጾምን የሚያውቀው በሆዱ ብቻ ነው።

ይታክቱ እንዝርቷን እንደያዘች ደረሰች። ሰዉን ሰንጥቃ ገባች። የነጠላዋን ጫፍ ከሙጨ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረች። አንድ ጊዜ ቋጠረች። ሁለት ጊዜ ቋጠረች። ሦስት ጊዜ ቋጠረች።

«በሕግ አምላክ!» አለች። «ከሳሹ እኔ ነኝ። ዳኛ ሳያየው ማንም እንዳይነካው!»

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ነበር ወደ ዳኛ የሚሄዱት። የተቋጠረን ሰው መምታት ዳኛውን መምታት ነው። ዱላው ሁሉ ዝቅ አለ። የፈንታ ጦር ግን አልወረደም።

«የአንለይ ደም እየጮኸ አንቺ ልብስ ትቋጥሪያለሽ?»

«እሱ መሆኑን አይተሃል?»

«ቆለኛ ነው፤ ይበቃል!»

«ለእኔ አይበቃኝም» አለች።

ሰዉ «አዘነችለት» ብሎ አወራ። ውሸት ነው፤ አላዘነችለትም። ልጇ እንዴት እንደሞተ ማወቅ ፈለገች፤ ሬሳ ደግሞ ተጠይቆ አይመልስም። ሳይጠየቅ የተገደለ ሰው ደም በእግሯ ሥር እየፈሰሰ፣ ከዚያ ወዲያ የኪዳነ ምሕረትን ደጅ መሳለምንም ፈራች። ይኸው ነው።

ዳኛው የሚቀመጡት የሦስት ቀን መንገድ ርቀው ነው። ይታክቱ ፊት ፊት ሄደች። ሙጨ በቋጠሮው ተከተለ። ፈንታ ጦሩን ተሸክሞ ኋላ ኋላ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ጥያቄው አፏ ላይ ነበረ፤ መልሱን ፈራችና ዋጠችው። ለሙጨ ቆሎ ዘገነችለት፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመች።

በሁለተኛው ቀን መልካው ዘንድ ደረሱ። አንለይ የወደቀበት ያው መልካ ነው። ደጋ ላይ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞልቷል። ፈንታ «እስኪጎድል እንቆይ» አለ። ይታክቱ እዚያ ቦታ መቆም አልቻለችም። ገባች። መሐል ላይ እግሯ ከዳትና ውሃው ገለበጣት። ሙጨ ኩታውን ጥሎ ቢሄድ ማን ይይዘው ነበር? እሷን ውሃ ይወስዳታል፤ እሱ ቆላው ይገባል። አልጣለም። ቋጠሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጎትቶ፣ ማዶ አወጣት።

ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ተቀመጡ። ይታክቱ አንድ ድንጋይ አየችና አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ እናቴ?» አለ ሙጨ።

«ልጄ እዚህ ነው የሞተው። ፈትሌን ይዞ ሲሻገር።»

ሙጨ ወደ ድንጋዩ ዞረ። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ፈንታ ወንዝ ማዶ ነው፤ የውሃው ጩኸት ወሬ አያሰማም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ማለዳ ነበር፤ ጭጋግ ነበር። ትከሻው ላይ ዱላ አየሁ፤ ጦር መሰለኝ። ወረወርሁ። ስጠጋ ፈትል የተንጠለጠለበት ዱላ ነው። ወየው! ‹ውሃ› አለኝ። በእፍኜ አጠጣሁት።»

«ጠጣ?»

«ሦስት እፍኝ ጠጣ። ራሱን ይዤው ነበር።»

ይታክቱ ወደ ወንዙ ጎንበስ አለች። በእፍኟ ቀዳች። ጠጣች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ውሃ ሳይተናነቃት ሲወርድ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ድንጋይ አነሣች። አዎ፣ አነሣች፤ ቅድስት አላደርጋትም። ድንጋዩን ይዛ ቋጠሮውን አየች፤ በገዛ እጇ የቋጠረችውን፣ በሕግ አምላክ ያለችበትን። ድንጋዩን ውሃው ውስጥ ጣለችው።

ወንዙ ጎደለ፤ ፈንታ ተሻገረ። የሰማችውን አልነገረችውም።

በሦስተኛው ቀን ዳኛው ፊት ቆሙ። ዳኛው መስቀል አስጨበጧት።

«ይህ ሰው ልጅሽን ካልገደለ ምርኮኛ ነው። ጌቶች ሊታረቁ ነውና አገሩ ይገባል። ገድሎ እንደሆነ ግን፣ ልጅሽ ጦር አልያዘም ነበርና የጦር ሜዳ ሞት አይባልም፤ ገዳዩ ለእናት ይሰጣል። ተናገሪ።»

«አልገደለም» ብትል ሰውዬው ይድናል። ማንም አያውቅም። ፈንታ ግን ገዳዩ ነው ብሎ ዕድሜ ልኩን ሌላ ቆለኛ ሲያሳድድ ይኖራል። መስቀሉም እጇ ላይ ነው። «ገድሏል» ብትል ደግሞ የፈንታ ጦር ቅርብ ነው። ይታክቱ ቆመች። ሙጨ መሬት መሬት ያያል።

«ገድሎታል» አለች። «ራሱ ነገረኝ።»

ፈንታ ጦሩን አነሣ።

«ቆይ!» አለች። «ደሙ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው» አሉ ዳኛው።

«የእኔ ከሆነ እኔ ልናገር። ይህ እጅ ልጄን ወጋው። ይኸው እጅ ልጄን ውሃ አጠጣው። የወጋውን ብቻ ለይቼ የምገድልበት ጦር የለኝም። ስለ ኪዳነ ምሕረት ብዬ ምሬዋለሁ።»

ከዚያ ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች። በወንዝ ርሶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኗል። ዳኛው ካራ ሰጧት። የሙጨን ኩታ አልቆረጠችም። የገዛ ነጠላዋን ጫፍ ቆረጠች፤ ቋጠሮው ከሱ ጋር ቀረ።

«ምሬሃለሁ» አለችው። «አልወደድሁህም። ፊትህን አታሳየኝ። ሂድ።»

ሄደ። ፈንታ እህቱን ሰባት ዓመት አላናገራትም። እሷም እየፈተለች ኖረች፤ ያንኑ ጫፉ የተቆረጠ ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። በየዓመቱ፣ በአንለይ ሙት ዓመት ቀን፣ አንድ ሸክም የተፈለጠ እንጨት ደጇ ላይ ተቀምጦ ታገኛለች። ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም። እንጨቱን ግን ታነደው ነበር።

አርጅታ ሞተች። በነጠላዋ ይገንዟት ዘንድ ተናዛ ነበርና፣ ያንኑ አወጡት። ፈንታ የጎደለውን ጫፍ እያየ ሲያለቅስ፣ አንድ ሽማግሌ ከቆላ መጣ። ከለቀስተኛው ራቅ ብሎ ቆመ። ካንገቱ፣ ከማተቡ ጋር ታስሮ የኖረ አንድ ጥቁር ቋጠሮ አወጣ።

«ይህ የሷ ነው» አለ። «ፊቴን አታሳየኝ ብላኛለች፤ አልቀርብም። እባካችሁ አድርሱልኝ።»

ካህኑ ቋጠሮውን ሊፈቱት ሞከሩ፤ አልተፈታም። ፈንታ ተነሣ። ሄዶ የሙጨን እጅ ያዘና ወደ አስከሬኑ አመጣው።

«ዓይኗ ተከድኗል» አለው። «አሁን ና።»

ፈንታ ነጠላውን ወጥሮ ያዘ። ሙጨ መርፌውን ይዞ ቋጠሮውን እንዳለ፣ በቦታው ሰፋው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በግንደ ወይራ ደም የማረ ሰው ከገዳዩ ጋር ልብሱን ይቋጥራል፤ ከዚያ የገዛ ልብሱን ጫፍ ቆርጦ ቋጠሮውን ለዚያኛው ይተውለታል። ቂም የያዘውንም ሰው «ይታክቱ ትፍረድህ፤ የራስህን ቁረጥ» ይሉታል።

ትናንት የሳቃችሁበት ሰውዬ ባለፈው ዓመት ወንድሙን የገደለበትን ሰው ማረ። በሚመጣው እሑድ ስታገኙት፣ ተነሥታችሁ አሳልፉት።