የወለላ ልጓም

አንድ ሰው ነበረ። ወለላ የምትባል አንዲት በቅሎ ነበረችው። ሚስቱ እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስማ የምትመለሰው በዚያች በቅሎ ጀርባ ነው። በቅሎዋ ለእሱ ሀብት ብቻ አልነበረችም፤ የሚስቱ እግር ነበረች።

ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ፣ ዳር ላይ ተቀምጠው የሰው ከብት ለሚጠብቁ አንዲት ባልቴት ይተዋታል። ባልቴቷም የእንስሳውን ስም ጠርቶ ለመጣ ይመልሳሉ። ሰውዬው ግን በበቅሎው መመካት ይወድ ነበርና፣ ስሟን ያልሰማ ገበያተኛ አልነበረም።

አንድ ቀን ባልቴቷ ልጓሙን አውልቀው እጁ ላይ አኖሩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ስሟን የጠራ፣ ልጓሟንም ያሳየኝ ነው የሚወስዳት» አሉት።

«እማማ፣ እኔን አያውቁኝም እንዴ?»

«ዓይኔ ደክሟል። ስሟን እንደሆን ጠላ ቤቱ ሁሉ ይጠራዋል። በል ያዝ!»

እያጉረመረመ ልጓሙን ትከሻው ላይ ጣለው። ገበያው ሳቀበት።

«እዩት! ወለላ ከስታ ከስታ ልጓም ብቻ ቀረች!»

ቀትር ላይ አንድ ሌባ ባልቴቷ ዘንድ ሄዶ «ወለላ!» አለ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች። ባልቴቷ ግን «ልጓሟስ?» አሉት። ሌባው ዞረና ሰውዬውን ፈልጎ እየሮጠ ደረሰበት።

«አያ፣ ወለላ ገመዷን በጥሳ ሄደች! ባልቴቷ ናቸው የላኩኝ፤ ልጓሙን ቶሎ ስጠኝ፣ ሳትርቅ ልያዝልህ!»

ሰውዬው ደነገጠ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ታየችው። ልጓሙን አውርዶ ዘረጋለት። ሌባው ጫፉን ሲይዝ ግን የሰውዬው እጅ አልለቅ አለ።

«እማማ ያዝ ነው ያሉኝ፤ ስጥ አላሉኝም። ና፣ አብረን እንሂድ።»

ሌባው ሰው መሃል ገብቶ ጠፋ። ሰውዬው ሲደርስ፣ ወለላ እንደታሰረች ሣሯን ትግጣለች።

አስካል ልጄ፣ «የይለፍ ቃሌን ነግሬው ሳለ፣ ስልኩ ደግሞ ቁጥር እየላከ አስገቢ የሚለኝ ለምንድን ነው?» አልሽኝ። እኔ የማውቀው በቅሎ ነው። ቃልሽ የወለላ ስም ነው፤ አንድ ቀን ሰው ይሰማዋል። የሚላክልሽ ቁጥር ልጓሟ ነው። መሸከሙ አይታክትሽ። «ቶሎ ንገሪኝ» እያለ የሚሮጥ ሰው ሲመጣብሽ ደግሞ፣ ልጓሙን ከእጅሽ አትልቀቂ።